ፈቃድዎ አልተረጋገጠም

ጥቅምት 6

ይድረስ ለክላክስ፣ ድምጿ ከሦስት ኩርባ ማዶ ለሚሰማው የእህቴ ልጅ፤

ለጤናሽ እንደምን አለሽልኝ? እኔ ደህና ነኝ፣ አክስትሽም ደህና ናት። ይህን የምትጽፈው እሷ ናት። እኔ እናገራለሁ፣ እሷ ትጽፋለች፣ ከዚያ በስልኳ ፎቶ አንስታ ትሰድልሻለች። ብዕር ይዞ መቀመጥ ድሮም አይሆንልኝም፣ ታውቂኛለሽ። ስትደውዪ ሳላነሳ ስቀር ደግሞ እንዳትቀየሚኝ። የስልክ ወሬ አይጥመኝም፣ ደህና ነሽ ደህና ነኝ ሲባባሉ ያልቃል። ደብዳቤሽ ግን ሲመጣ ደጋግሜ አስነብበዋለሁ።

አሁን ወደ ቁም ነገሩ። ዕቃሽ ደረሰ! ምን ብዬ ልመርቅሽ? የፊትሽ መንገድ ሁሉ አስፋልት ይሁንልሽ፣ ቁልቁለት ላይ ፍሬን አያሳጣሽ፣ መንገድ የዘጋብሽ ሁሉ ዳር ይያዝልሽ።

እውነቱን ልንገርሽ፣ "የኮምፒውተር ጨዋታ ልኬልዎታለሁ" ብለሽ ስትጽፊ ስቄብሽ ነበር። ዕድሜዬን ሙሉ የሕዝብ አውቶቡስ የነዳሁ ሰውዬ ቁጭ ብዬ የልጅ መጫወቻ ልነካካ? ሳጥኑን ስንከፍተው ግን መሪ ሆኖ አገኘሁት። ክብ፣ ጥቁር፣ በቆዳ የተለበጠ፣ ለእግር ደግሞ ፍሬንና ነዳጅ መስጫ ያለው። ምድር ቤት ያለው ኮምፒውተር ጠጋኝ መጥቶ መሪውን ከምግብ ጠረጴዛችን ጋር በብሎን አሰረልኝ፣ ከሱቁ ኮምፒውተር አምጥቶ ጨዋታውን ጫነና "በሉ ይንዱ" ብሎኝ ወረደ።

ነዳሁ ልጄ! የጭነት መኪና ነው፣ ከነተሳቢው። ዝናቡ ይዘንባል፣ መጥረጊያው ይሠራል። ዳገት ላይ ማርሽ ካልቀነስኩለት ያቃስታል፣ ልክ እንደ እውነተኛው። ቁልቁለት ላይ ፍሬን ስረግጥ ተሳቢው ከኋላ ሲገፋኝ ወገቤ ድረስ የተሰማኝ መሰለኝ። ላብ በላብ ሆንኩ። አንዱ ባለ ትንሽ መኪና ፍሬቻ ሳያሳይ ሲገባብኝ ምን ብዬ እንደሰደብኩት አክስትሽ አልጽፍም ብላለች።

(አልጽፍም። ጎረቤቱ ሁሉ ሰምቷል፣ ይበቃል። አክስትሽ ነኝ።)

አንድ ነገር ብቻ ቅር አለኝ። ጋቢናው ባዶ ነው። ዘወር ብዬ ሳይ ረዳት የለም። ሾፌር ያለ ረዳት ምን ሾፌር ነው? ወደ ኋላ ስመለስ ማን "ና፣ ና፣ በቃ" ይለኛል? አክስትሽን ወንበር ስቤ ከጎኔ አስቀመጥኳት፣ እሷም ጉዳዬ ብላ ገባችበት።

ያቺ ትንሽ ደንዘዝ ያለችኝ ቀኝ እጄም ደህና ናት። ሐኪሙ "ጨብጥ፣ ልቀቅ" ብሎ የሰጠኝን የላስቲክ ኳስ አልጋ ሥር ወርውሬዋለሁ። ኳስ ጨብጬ የት ልደርስ? መሪ ስይዝ ግን ጣቶቼ ሥራቸውን ራሳቸው ያውቁታል። የሥራውን ነገር ብትጠይቂኝ ፈቃድ ላይ ነኝ፣ ጊዜ ሞልቶኛል። ጥር ላይ ስትመጪ ከአውሮፕላን ጣቢያ የማመጣሽ እኔ ነኝ፣ ለማንም እንዳትሰጪብኝ።

የእናትሽ ወንድም


ጥቅምት 15

ይድረስ ለጋሼ፣ ለመንገድ ጌታ፤

ሰላምታዬ እርስዎም እትዬም ባላችሁበት ይድረስ። እኔ ጤና ነኝ፣ ሥራም ደህና ነው። የሆቴሉ ምድር ቤት ልብስ ማጠቢያ ውስጥ እንፋሎቱ እንዳለ ነው፣ አንሶላው እንዳለ ነው። ከማሽኑ አፍ ትኩስ አንሶላ እስብና አጥፋለሁ፣ ደግሞ እስባለሁ።

ደብዳቤዎን በሻይ እረፍት ላይ ሳነብ "ከኋላ ሲገፋኝ" የሚለው ጋ ስደርስ ሳላስበው ሳቄ አመለጠኝ፣ ክፍሉ ሙሉ ዞሮ አየኝ። ጋሼ፣ እዚህ ክላክስ ትባል ነበር ቢሏቸው ማንም አያምንም። እዚህ "ዝምተኛዋ" ነው የሚሉኝ። ቋንቋቸው አፌ ላይ ይሰባበርብኛል፣ ሰው እንዳይስቅብኝ ስል ዝም እላለሁ። ዝም ስል ደግሞ ዝምታው ለመደብኝ። የእርስዎን ስድብ እትዬ ብትጽፍልኝ ኖሮ እኔም እማርበት ነበር።

ፈቃድ ላይ ነኝ ማለትዎ ግን ገረመኝ። እርስዎ ፈቃድ ወስደው ያውቃሉ እንዴ? ትኩሳት ይዞዎት እንኳ መናኸሪያ ይወርዱ የነበሩ ሰው? እጅዎን በደንብ ይታዩልኝ፣ ደንዘዝ አለኝ ብለው አያቃልሉት። ኳሱንም ከአልጋ ሥር ያውጡት በሞቴ።

ጥር 3 ጠዋት እደርሳለሁ። ስሄድ ያደረሱኝ እርስዎ ነዎት፣ ስመለስ "በታክሲ ግቢ" ቢሉኝ ከአውሮፕላኑ አልወርድም። ልጅ ሆኜ ከእናቴ ቤት በፊት ያለው ኩርባ ላይ ስንደርስ ጭንዎ ላይ ያስቀምጡኝና ክላክሱን ያስነኩኝ ነበር። ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም። እናቴ ድስቷን ጥላ ትወጣ ነበር። እሱን እያሰብኩ ነው ሻንጣ የምገዛው።

የእህትዎ ልጅ


ኅዳር 2

ይድረስ ለክላክስ፤

ደህና ነሽ ወይ? እኛ ደህና ነን፣ እንዲያውም ከደህና በላይ ነን። በረዶ ላይ ነዳሁ! ነጭ በነጭ፣ መንገዱና ሜዳው አይለይም። አክስትሽ "ቀስ በል፣ ቀስ በል" እያለች ጠረጴዛውን ይዛ ነበር፣ ጠረጴዛው የሚንሸራተት ይመስል። ኩርባው ላይ ተሳቢው ሊያመልጠኝ ሲል በሁለቱም እጄ ይዤ መለስኩት። በሁለቱም እጄ ነው ያልኩሽ። አክስትሽ ብድግ ብላ ግንባሬን ሳመችኝ።

(እውነት ነው። ቀኝ እጁ መሪውን ሳይለቅ ኩርባውን ጨረሰ። ስቄም አለቀስኩም።)

ምን እንዳስለቀሳት እንጃ፣ ሴት ልጅ እንደሁ ለእንባ ምክንያት አታጣም። ብቻ አንድ ነገር አለ፣ ኮምፒውተሩ ሲግል እንደ አሮጌ ሞተር መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ጠጋኙ ወደ ታች ወስዶ አቧራውን ነፋ፣ አንድ ሁለት ዕቃ ቀየረለት፣ ዛሬ መለሰልኝ። ነገ ከነገ ወዲያ ረጅም መንገድ አለብኝ፣ ከባሕሩ ዳር እስከ ተራራው ማዶ። የአክስትሽን ትራስ ወገቤ ላይ አድርጌ ተዘጋጅቻለሁ። አይዞሽ፣ ጥር ላይ በሩ ላይ ታገኚኛለሽ።

የእናትሽ ወንድም


ኅዳር 4

ይድረስ ለእህቴ ልጅ፤

ዛሬ ክላክስ ብዬ አልጠራሽም። ጤናሽን ይስጥሽ፣ የቀረውን ሰላምታ ግን ይህን ከመለስሽልኝ በኋላ እንተያያለን።

ጠዋት አክስትሽን ከጎኔ አስቀምጬ ጨዋታውን ስከፍት መንገዱ የለም። ጥቁር ሰሌዳ ላይ ቀይ ጽሑፍ በፈረንጅ ቋንቋ ወጣ። አክስትሽ ስልኳን ደቀነችበት፣ ስልኩም ወደ አማርኛ መለሰው። እንዲህ ይላል፦ "ፈቃድዎ አልተረጋገጠም። ታግዷል። ማሽከርከር አይችሉም። ረዳታችንን ያነጋግሩ።"

ማን ነገራቸው?

የምጠይቅሽ ይህን ብቻ ነው። መንጃ ፈቃዴ መያዙን የሚያውቁት ሐኪሙ፣ የድርጅቱ ስምሪት ክፍልና አክስትሽ ብቻ ናቸው። ጭንቅላቴ ውስጥ ደም ሥር ተዘግቶ ሆስፒታል ተኝቼ እንደነበር ለአንቺ እንዳይነገር ያስማልኩት እኔ ነኝ። ቀኝ እጄ ማንኪያ እንኳ እንደማይዝ፣ አፌ ወደ ጎን ስለሚጎተትብኝ ስልክ እንደማላነሳ፣ በታኅሣሥ ፈተና ካላለፍኩ ዳግመኛ መሪ እንደማልይዝ፣ ይሄን ሁሉ አንቺ እንዳትሰሚ ብዬ ቤቴን ዘግቼ ተቀምጫለሁ። ሥራሽን ጥለሽ ትመጫለሽ ብዬ። ታዲያ ባሕር ማዶ ያለ የጨዋታ ኩባንያ ከየት ሰማ? ጨዋታውን የገዛሽው አንቺ፣ ስም ያስመዘገብሽው አንቺ። ታውቂ ኖሮ ነው ጨዋታ የላክሽልኝ? አዝነሽልኝ ነው?

ረዳት ያሉትንም አነጋገርነው፣ አክስትሽ እየጻፈች። "ሰላም፣ ረዳትዎ ነኝ፣ ምን ልርዳዎ?" አለ። እኔ ስንት ረዳት አሳድጌያለሁ፣ ከመኪናው ወርዶ ጎማውን ሳያይ "ሁሉም ደህና ነው" የሚል ረዳት ግን እንደዚህኛው አላየሁም። "መሣሪያዎን አጥፍተው ያብሩ" አለኝ። አጠፋሁ፣ አበራሁ። "ታኅሣሥ 24 ፈተና አለብኝ፣ እጄ እንዳትመለስብኝ እስከዚያ ቤቴ ውስጥ ልንዳ" ብዬ እንደ ሰው ለመንኩት። "መሣሪያዎን አጥፍተው ያብሩ" አለ። ቤት የቀረውን የመንጃ ፈቃዴን ኮፒ ፎቶ አንስተን ላክንለት፣ ከነክብሩ። "ያቀረቡት ሰነድ ከገዢው ስም ጋር አይመሳሰልም። ጥያቄዎ ተፈቷል፣ ስለ አገልግሎታችን ኮከብ ይስጡን" ብሎ ዘጋብኝ። ደሜ ፈላ። ጎረምሳ ሆኜ የያዝኩት ፈቃድ፣ አንድ ሰው ሳልነካ የኖርኩበት ፈቃድ የአንተ አይደለም አለኝ።

መልሺልኝ።

(ልጄ፣ እየጮኸ ነው የሚያስጽፈኝ። ምንም አልጨመርኩም፣ ምንም አልቀነስኩም። ምን እንደተናገረ እኔ እየጻፍኩ ገባኝ፣ እሱ ግን ገና አልገባውም። ልላከው ወይ ብዬው ላኪው አለኝ። እልከዋለሁ።)


ኅዳር 5

ጋሼ፣

ማንም አልነገራቸውም። ለእኔም ማንም አልነገረኝም። የነገሩኝ እርስዎ ነዎት፣ ትናንት፣ በዚህ ደብዳቤ።

ሰላምታ መጻፍ አቅቶኝ ነው የዘለልኩት፣ ይቅር ይበሉኝ። ደብዳቤው የደረሰኝ ማሽኑ ፊት ነው። አንሶላ የሚጫንበት ጋሪ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ፣ ከዚያ ደግሞ አለቀስኩ። "እኔ ደህና ነኝ" እያሉ ስንት ደብዳቤ አስጻፉልኝ? እትዬስ እንዴት አስቻላት? እኔ ሞኟ ደግሞ "የስልክ ወሬ አይጥመኝም" ሲሉኝ ኩራት መሰለኝ። አፍዎ ቢጎተት፣ ቃሉ ቢሰባበርብዎት እኔ ልስቅብዎ ነበር? እኔ ነኝ የምስቀው? እዚህ ቃል ሲሰበርብኝ የምውለው እኔ?

አሁን ይስሙኝ። በዚያ ጽሑፍ ውስጥ ያለው ፈቃድ የእርስዎ መንጃ ፈቃድ አይደለም። የጨዋታው ፈቃድ ነው። ኩባንያው ጨዋታውን ሌባ እንዳይቀዳው ሲል ከአንድ ማሽን ጋር ያስረዋል፣ "ይህ ሰው በዚህ ማሽን ላይ ይጫወት" የሚል ፈቃድ ነገር ነው። ጠጋኙ ዕቃ ሲቀይር ማሽኑ ሌላ ማሽን መሰለውና ሰረቃችሁኝ ብሎ ዘጋ። "ማሽከርከር" ያለውም የእትዬ ስልክ የጨመረው ነው። የእርስዎን እጅ፣ የእርስዎን ወረቀት፣ የእርስዎን ሕመም የሚያውቅ እዚያ አንድም ሰው የለም። ሌባ የሚፈሩ ሰዎች ናቸው፣ ሌባውን አጥተው በሐቅ የገዛውን ሰው ነው የያዙት።

እኔ አስከፍተዋለሁ። በገዛ ስሜ ነው የገዛሁት፣ ደረሰኙም በእጄ ነው። እስከዚያ ግን እጅዎ አንድ ቀን ሥራ ፈትታ እንዳትውል። ጠጋኙን "ያለ ፈቃድ የሚሠራውን ኮፒ ጫንልኝ" ይበሉት፣ እንደሚኖረው አውቃለሁ። ኃጢአቱ በእኔ ላይ ይሁን።

ክላክስ


ኅዳር 19

ይድረስ ለጋሼ፤

ጤናዎን እጅግ እመኛለሁ፣ ዛሬ ግን መልስዎን ከጤናዎ እኩል እመኛለሁ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ መስመር አጣሁ። ለእትዬ ብደውልላት "ተኝቷል" ትለኛለች። በቀትር የሚተኛ ሰው አልነበሩም።

እኔ ዝም አላልኩም። ለኩባንያው ጻፍኩ፣ "ጨዋታው አይከፈትም" ብዬ። "ጨዋታችንን ስለወደዱት ደስ ብሎናል፣ መልካም ጉዞ" አሉኝ። ደግሜ ጻፍኩ፣ ማሽኑ ተጠግኖ ነው ብዬ። የደረሰኙን ፎቶ ላኪ አሉ፣ ላክሁ። ፎቶው ትልቅ ነው አሉ፣ አሳነስኩት። አሁን ደግሞ አይነበብም አሉ። ወረቀት ላይ ገልብጬ፣ ደረሰኙን አስደግፌ፣ በመስኮት ብርሃን አንስቼ ላክሁ። ዛሬ ጠዋት ምን ቢሉኝ ጥሩ ነው? "ለረጅም ጊዜ መልስ ስላልሰጡን ጥያቄዎን ዘግተነዋል።" መልስ ያጣሁት እኔ፣ መልስ ነፈግሽ የተባልኩት እኔ። አንሶላውን እንዴት አድርጌ እንደተኮስኩት ማሽኑ ይመስክር።

ጋሼ፣ ከእነሱ መልስ ማጣቱን እችለዋለሁ። ከእርስዎ ግን አልችለውም። ተቀይመውኝ ከሆነ ተቀየምኩሽ ይበሉኝ። አፍረው ከሆነ ደግሞ አይፈሩ፣ አፈር ስሆን።

ክላክስ


ታኅሣሥ 3

ይድረስ ለክላክስ፣ ለልጄ፤

እንደምን ከረምሽ? ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አልኩና አክስትሽ ብዕሩን አስቀመጠች። እውነቱን ካልተናገርክ አልጽፍም አለች። እሺ። ደህና አይደለሁም ነበር። አሁን እየተሻለኝ ነው።

አፍሬ ነው የጠፋሁት። ያን ሁሉ ጊዜ የደበቅኩትን ለአንድ ቀይ ጽሑፍ ብዬ በገዛ አፌ ዘርግፌ፣ ይባስ ብዬ አንቺን ወነጀልኩሽ። ስትስቂ ታየኝ፣ ቀጥሎ ስታለቅሺ ታየኝ፣ ሁለተኛውን አልቻልኩትም። ግድግዳ እያየሁ ተኛሁ። እጄም መልሳ መደንዘዝ ጀመረች።

ጠጋኙን ግን አነጋግሬዋለሁ። ያልሽው ኮፒ እውነትም አለው። "ምንም አይጠይቅዎትም፣ ከዋናው ይልቅ በፍጥነት ይከፈታል፣ እኔ ራሴ የምጫወተው እሱን ነው" አለኝ። በእኛ ላይ የተዘጋው በር ሰርቀው ለሚጫወቱት ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ ጉድ እኮ ነው። አመስግኜ መለስኩት። አትቆጪኝ። እኔ ያለ ፈቃድ ነድቼ አላውቅም። ለጨዋታም ቢሆን አልጀምረውም፣ በተለይ ዘንድሮ።

እና አንድ ጠዋት አክስትሽ ገበያ እንደምትሄድ ሁሉ ለባብሳ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ፣ ከመሪው አጠገብ ያለው ወንበሯ ላይ ተቀመጠች። ስክሪኑ ጠፍቷል። ጠረጴዛውን በመዳፏ ሁለት ጊዜ መታችና "ሂድ" አለችኝ። አበድሽ ወይ አልኳት። "ሞልቷል፣ ሂድ" አለች።

ተነስቼ ተቀመጥኩ። ምን ላድርግ? ከመናኸሪያው በር ወጣሁ። በስተቀኝ ወፍጮ ቤቱ ፊት ያለውን ጉድጓድ አልፌ፣ ትምህርት ቤቱ ጋ ፍጥነት ቀንሼ፣ ጠባቡ ድልድይ ላይ ከፊት የሚመጣውን አሳለፍኩ። ልጄ፣ ሁሉም አለ! አንድም ኩርባ አልጠፋብኝም። አክስትሽ "ወራጅ አለ" ትላለች፣ እቆማለሁ። "ሂድ" ትላለች፣ እነሳለሁ። ሳንጋባ በፊት ሁልጊዜ ከኋላዬ ያለው ወንበር ላይ ነበር የምትቀመጠው፣ ስለዚህ ማን የት እንደሚወርድ ከእኔ ይልቅ እሷ ታስታውሳለች። የዱሮ ደንበኞቼን ሁሉ አወረድናቸው።

መሪው ኮምፒውተሩ ሲጠፋ ላላ ስለሚል ጠጋኙ ከአሮጌ ጎማ የተቆረጠ ላስቲክ ከሥሩ አሰረልኝ። አሁን እንደ ድሮው አውቶቡሴ ይከብዳል። ጠዋት አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ፣ ከሰዓት አንድ ጊዜ ደርሶ መልስ። ማታ እጄ ስትጠዘጥዘኝ ሐኪሙ ደስ ይበልህ፣ ነቅታ ነው አለኝ።

ከእናትሽ ቤት በፊት ያለው ኩርባ ላይ ስደርስ ክላክስ ልነካ እልና አንቺ የለሽም። አክስትሽ በአፏ ትጮኻለች። አይሆንላትም።

(ይሆንልኛል።)

አንቺ ግን ኩባንያውን አትልቀቂው። እኔ አሁን ስለ ጨዋታው አይደለም የምልሽ። ዝምተኛዋ ይሉኛል ያልሽው ነገር ከልቤ አልወጣም። ክላክስ ዝም ካለማ መንገዱ ላይ ሰው ይገጫል። ጩኺባቸው።

የእናትሽ ወንድም


ታኅሣሥ 12

ይድረስ ለጋሼ፣ ለእትዬም፣ በጠፋ ስክሪን ሕዝብ ለሚያመላልሱት፤

እንኳን ድምፅዎ ተመለሰልኝ። ደብዳቤዎን አንሶላ መሐል ደብቄ ስንት ጊዜ እንዳነበብኩት አልነግርዎትም።

ጮህኩባቸው! ጽሑፉን ትቼ በስልክ ያዝኳቸው። ሙዚቃ አሰሙኝ፣ "ጥሪዎ ለእኛ ትልቅ ዋጋ አለው" አሉኝ፣ መልሰው ሙዚቃ። የምሳ ሰዓቴ በዚያው አለቀ። አለቃዬ በሩ ላይ መጥታ ሰዓቷን አሳየችኝ። ስልኩን ትከሻዬ ላይ አጣብቄ አንሶላ ማጠፍ ጀመርኩ፣ አልዘጋሁትም። በመጨረሻ የሰው ድምፅ መጣ። ሴት ናት፣ የደከማት ሴት። ገና ስሜን ሳልጨርስ "መሣሪያዎን አጥፍተው..." ስትል ያ ሁሉ የተከማቸ ነገር አፌን ከፈተው።

ሰዋስው የለ፣ ምን የለ። ያ የሚሰባበርብኝ ቋንቋ እንደተሰባበረ ወጣ። እንፋሎቱ ቆመ፣ ሁሉም ማሽኑን አጥፍቶ ያየኛል። "እናንተ የዘጋችሁት ጨዋታ መስሏችኋል" አልኳት። "የዘጋችሁት የአጎቴን እጅ ነው።"

እሷም "የትኛውን እጁን?" አለችኝ።

"ቀኙን" አልኳት። ስለ ፈተናው፣ ስለ ጠፋው ስክሪን፣ ስለ እትዬ ቦርሳ ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝ። በመጨረሻ ምን አለች መሰለዎት? እሷ መክፈት አትችልም። ቁልፉ እሷ ጋ የለም፣ እሷም የምታየው እኛ የምናየውን ጽሑፍ ነው። ወደ ላይ እጽፋለሁ፣ ማን እንደሚያነበው ግን አላውቅም አለችኝ። እውነቱን ስለነገረችኝ አመሰገንኳት። ዘግቼ ዞር ስል አለቃዬ እዚያው ቆማለች። አለቀልኝ ብዬ ነበር። "ድምፅ እንዳለሽ አላውቅም ነበር" አለችኝና ሄደች። ከዚያ ወዲህ ሁሉም ሰው ያናግረኛል፣ እኔም እንደተሰባበረ እመልሳለሁ። አንድም የሳቀብኝ የለም።

ስለዚህ ጋሼ፣ ጨዋታው አልተከፈተም። ያለዎት ላስቲክ የታሰረበት መሪና እትዬ ናቸው። ለ24 እነሱ ይበቁዎታል ወይ ብዬ ሌት ተቀን አስባለሁ፣ ፈርቻለሁ ብልዎ እውነት ነው። ባይሳካም ግን እመጣለሁ፣ በእግርም ቢሆን አብረን እንገባለን። ይሄን አውቀው ይግቡ።

ክላክስ


ታኅሣሥ 26

ይድረስ ለክላክስ፤

ፊደሉ ዳገት የወጣ ቢመስልሽ አይግረምሽ። አክስትሽ አይደለችም። እኔ ነኝ። በቀኝ እጄ።

ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አጭር ይሆናል።

ፈታኙ አውቶቡሱን አስነድቶ አዞረኝ። ዳገት፣ ኩርባ፣ መስቀለኛ። እጄ ያዘች። መጨረሻ ላይ "ወደ ኋላ ተመልሰው በሁለቱ ምሰሶ መሐል ያቁሙ" አለኝ። ማርሽ አስገባሁ። ልማድ ሆኖብኝ ረዳቴን ፈልጌ ዘወር አልኩ። ከፈታኙ በቀር ጋቢናው ባዶ ነው። እጄ ላላች።

ከአጥሩ ውጪ አንድ ድምፅ ሰማሁ። "ና፣ ና፣ ና፣ በቃ።"

አቆምኩ። ልክ መሐሉ ላይ።

ፈታኙ በመስኮት አየና "ማናት እሷ?" አለኝ።

"ረዳቴ ናት" አልኩት። አፌ አልተጎተተም።

ፈቃዴ ተመለሰ። ለጊዜው ከከተማ እንዳልወጣ ብለውኛል፣ ረጅሙ መንገድ በኋላ ይታያል። አውሮፕላን ጣቢያው ከተማ ውስጥ ነው። የጠጋኙን መኪና ተውሻለሁ። አሮጌ ናት፣ ክላክሷ ግን ይሠራል። ሞክሬዋለሁ።

ቤት ስንገባ አክስትሽ ስክሪኑን አበራችው። "ፈቃድዎ ተረጋግጧል። ስለ አገልግሎታችን ኮከብ ይስጡን" ይላል። ለዚያች ለደከማት ሴትዮ አምስቱንም ስጪልኝ። ለረዳታቸው ምንም እንዳትሰጪ።

ይህን አክስትሽ ያልጻፈችው ለምንድን ነው ብትዪኝ፣ መሪው ላይ ናት። ከትናንት ጀምሮ አልወረደችም። በረዶ ላይ ናት፣ እኔ ከጎኗ ሆኜ ቀስ በይ እላለሁ፣ አትሰማኝም።

ጥር 3 ስትወጪ በሩ ላይ በዓይንሽ አትፈልጊኝ። ጆሮሽን ስጪ።

ሁለት አጭር፣ አንድ ረጅም።

ሾፌርሽ